የሩቅ ዳኛ

መርሳ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ወንዳወቅ የሚባል ልብስ ሰፊ አለ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሱሪ ያሳጥራል፣ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል፣ የተቀደደ ይጠግናል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን ጥቁር ቁምጣውን በፌስታል ይይዝና ዳኛ ይሆናል፤ የእግር ኳስ ዳኛ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሯል። በሀብሩ ወረዳ ያልሮጠበት ሜዳ የለም ማለት ይቻላል። ከመርሳ በቀር። የመርሳን ልጆች አንድም ቀን አጫውቷቸው አያውቅም።

ደንቡ እንዲህ ነበር። የመርሳን ጨዋታ የወልድያ ሰው ወርዶ ይዳኛል፤ የወልድያን ደግሞ የመርሳ ሰው ወጥቶ። ሰው የጎረቤቱን ልጅ ከሜዳ አስወጥቶ በማግሥቱ ከአባቱ ጋር በአንድ እድር እንዴት ይቀመጣል? ስለዚህ ዳኛ ከሩቅ ይመጣል። አበሉም ሁለት መስመር ነበረው፤ አንዱ ለጨዋታው፣ ሌላው ለመንገዱ። የመንገዱ ሁልጊዜ ይበልጥ ነበር።

ወንዳወቅ ገና ሲጀምር ይህ ነገር አልገባውም። ያሠለጠኑትን አቶ አዳነን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ቀን ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ ዘጠና ደቂቃ ከሮጥኩት ይልቅ መኪና ላይ ለተቀመጥኩት የሚበልጥ የሚከፈለኝ ለምንድን ነው?»

«ለሩጫህማ ማን ይከፍልሃል» አሉት፤ «ፍየልም ይሮጣል። የሚከፈልህ ለባዕድነትህ ነው። ዘመድ የሌለህ፣ እህል ያልቀመስክ፣ ማንም የማያውቅህ ሆነህ እንድትደርስላቸው ነው።»

ያልቀመስክ ያሉት እንዲሁ ለአፋቸው አይደለም። ዳኛ ከጨዋታ በፊት ከተጋጣሚዎቹ ሰዎች እህል ውሃ አይቀምስም። ወንዳወቅ ቆሎውን በኪሱ፣ ውሃውን በሃይላንድ ጠርሙስ ይዞ ይሄድ ነበር። የመንደሩ ሰው «ኧረ ትንሽ ቅመሱ» ሲለው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ፊሽካው ካለቀ በኋላ» ይላል። ካለቀ በኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጋብዘው አይገኝም፤ ከሁለት አንዱ ወገን ተቀይሞታልና።

ዛሬ ያንን ዘመን ሲያስበው ከጨዋታዎቹ ይልቅ ትዝ የሚለው መንገዱ ነው። ከሐራ የሚመለሰው በሽንኩርት ጭነት ላይ ተቀምጦ ነበር። ባለቤቱ ታንጉት በሩን ስትከፍትለት ሳይነግራት ታውቃለች፤ «ዛሬ ደግሞ ሐራ ነበርክ፣ ወጥ ወጥ ትሸታለህ» ትለዋለች። ከውርጌሳ ሲመጣ ጫማው ቀይ ጭቃ ይዞ ይመጣል። ከወልድያ ሲመጣ ደግሞ ድምፁ ዘግቶ፤ የወልድያ ተመልካች ስለሚጮህ እሱም ጮሆ ይመልሳልና።

ወልድያ ሲሄድ የሚያገኘው ሌላ ደስታ ነበረው። ከወልድያ ወደ መርሳ የሚወርደው ዳኛ መለሰ የሚባል አስተማሪ ነው። ሁለቱ ሥልጠና ላይ ሁለት ጊዜ ተያይተዋል፤ ከዚያ በተረፈ የሚተዋወቁት በመስኮት ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ፣ ሁለቱ ቅጥቅጥ አውቶቡሶች ሲሪንቃ ላይ ይተላለፋሉ። ያን ጊዜ ወንዳወቅ እጁን በመስኮት ያወጣል፤ ከወዲያኛውም መኪና አንድ እጅ ብቅ ይላል። አንድ ረዳት ይህን አይቶ ጉድ አለ።

«እሳቸው ያንተን አገር ሊዳኙ፣ አንተ የሳቸውን ልትዳኝ? ሁለታችሁም ቤታችሁ ብትቀመጡ መንግሥት ስንት ናፍጣ ባተረፈ!»

መኪናው ሁሉ ሳቀ። ወንዳወቅም ሳቀ። ግን የእጁ ሰላምታ እስከ ወልድያ ድረስ ልቡን ሞቅ እንዳደረገው ነበር የሄደው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም.፣ ፍልሰታ ገብቶ ሳለ፣ ተኩሱ ከወልድያ በኩል ወደ መርሳ ቀረበ። ወንዳወቅ የስፌት መኪናውን ማንሣት አልቻለም። ፊሽካውን ግን ትቶ መሄድ አልሆነለትም። አንድ ሰው «ፊሽካ ይዘህ ኬላ ላይ ብትገኝ ምልክት ሰጪ ነህ ይሉሃል» ስላለው የኮቱን ገበር ተርትሮ ውስጡ ሰፋበት። ታንጉት ስንቅ ቋጠረች። ልጃቸውን ቃልኪዳንን መሐል አድርገው በእግር ወደ ደቡብ ወጡ። በመኪና ለሃያ ደቂቃ እንኳ የማይሞላው የውርጌሳ መንገድ፣ ከዚያ ሁሉ ሽማግሌና ሕፃን ጋር፣ በዝናብ፣ ቀኑን ሙሉ ፈጀባቸው። ያን መንገድ ስንት ጊዜ አበል ተቀብሎበታል! ርዝመቱን ያወቀው ግን ያን ቀን ነው።

ከውርጌሳ ዝቅ ብሎ ካለ መንደር ሲደርሱ የታንጉት እግር አብጦ መራመድ አቃታት። አንዲት እናት ከደጃቸው ቆመው ሰው ያልፋል፣ ሰው ያልፋል፣ ያያሉ። ስማቸው ሁሪያ ነው። ከኋላቸው አንድ ወጠምሻ ልጅ ብቅ አለና ወንዳወቅን ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ።

«እናቴ! ይሄ ያ ቀይ ካርድ የሰጠኝ ሰውዬ ነው!»

እውነቱን ነው። ልጁ ጀብሪል ነው፣ የውርጌሳ አጥቂ። ከሁለት ዓመት በፊት ተከላካይ ረግጦ ወንዳወቅ አስወጥቶታል። ሲወጣም የተናገረው ቃል እዚህ አይጻፍም።

ሁሪያ የልጃቸውን ፊት አላዩም፤ የታንጉትን እግር ነው ያዩት።

«ቀይ ካርድ የሰጠህ ቀን ምሳህን በልተህ ነበር?» አሉት ልጃቸውን።

«አዎ…»

«እነዚህ ዛሬ አልበሉም። በሩን ልቀቅ።» ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞረው «ግቡ በአላህ። ጾም ላይ ናችሁ አይደል? ወተት አላቀርብላችሁም፤ ሰሰተች አትበሉኝ» አሉ።

አሥራ ሰባት ቀን ያንን ቤት ቤታቸው አደረጉት። ሁሪያ የማሽላ ቂጣ ይጋግራሉ፤ ሽምብራ ይቀቅላሉ፤ የታንጉትን እግር በሞቀ የጨው ውሃ ያጥባሉ። ወንዳወቅ ጠዋት ጠዋት ጥግ ይዞ ውዳሴ ማርያሙን ሲደግም ጀብሪል ታናናሾቹን «ዝም በሉ፣ እየጸለዩ ነው» ይላቸዋል። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ውጊያው አልፏቸው ሄዶ ነበርና ወደ መርሳ ተመለሱ። የስፌት መኪናው የለም። ጣራው አለ፣ ግድግዳው አለ፣ ሦስቱም በሕይወት አሉ። ወንዳወቅ ባዶው ጠረጴዛ ፊት ቆሞ «ተመስገን» አለና የእጅ መርፌውን ፈልጎ ተቀመጠ።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ተከፈተ፤ ፋሲካም አለፈ። በግንቦት 2014 መጀመሪያ የወረዳው የስፖርት ባለሙያ ደምሴ ወደ ሱቁ መጣ። ደምሴ ወጣት ነው፤ ሲናገር ቶሎ ቶሎ ነው።

«ጋሽ ወንዳወቅ፣ እሑድ ውርጌሳና ሲሪንቃ እዚሁ መርሳ ሜዳ ይጫወታሉ። ከጦርነቱ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ልጆቹ ኳስ ከነኩ ዓመት ሊሆናቸው ነው።»

«እሰየው! ዳኛው ማነው?»

«እርስዎ ነዎታ! ለሁለቱም ባዕድ ነዎት። ከቤትዎ ሜዳው አሥር ደቂቃ። የመንገድ ወጪ የለብንም፣ ዜሮ ኪሎ ሜትር!»

ወንዳወቅ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካ። «ደምሴ፣ እኔ ለውርጌሳ ባዕድ አይደለሁም። አሥራ ሰባት ቀን የሁሪያን ቂጣ በልቻለሁ። ያውም የአጥቂያቸው እናት ናቸው።»

«ጋሼ፣ ከወልድያ ዳኛ የማመጣበት ቤሳ የለኝም። እርስዎ እምቢ ካሉ ጨዋታው የለም።»

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደውም። ወንዳወቅ ሀብት የለውም፤ ያለው አንድ ነገር ነው። በሃያ ሁለት ዓመት «ተሳሳተ» ብለውታል፣ «ዓይኑ ፈዟል» ብለውታል፤ «አደላ» ያለው ግን የለም። እሱን ይዞ ወደ መቃብር ለመውረድ ነበር ሐሳቡ። በሌላ በኩል ደግሞ ልጆቹ አሉ፤ ዓመት ሙሉ ከተኩስ በቀር ሌላ ጩኸት ያልሰሙ። ታንጉትን አማከራት።

«ለሁሉም ፊት ለፊት ንገራቸው» አለችው። «አይሆንም ካሉህ ትመለሳለህ፤ ቤትህ ቅርብ ነው።»

እሑድ ሜዳው ዳር ሕዝብ ሞልቷል። የግቡ ብረት ስለሌለ የባሕር ዛፍ ግንድ ተተክሏል፤ ከማዕዘኑ አጠገብ የነበረው ምሽግ በአፈር ተደፍኗል። ሲሪንቃ የመጣው በዘጠኝ ልጅ ነው። የቀሩት የት እንዳሉ የጠየቀ የለም። የውርጌሳው ጀብሪል ቆጠራቸውና ወደ ራሱ ልጆች ዞሮ ሁለቱን «እናንተ ዛሬ አጨብጭቡ» አላቸው። ዘጠኝ ለዘጠኝ ሆኑ።

ወንዳወቅ ሁለቱን ቡድን መሐል ላይ ሰብስቦ ነገራቸው። የማን ቤት እንደገባ፣ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ምን እንደበላ። «ስለዚህ ካልተማመናችሁብኝ ፊሽካውን አላነሣም» አለ።

የሲሪንቃው አምበል ፍፁም ሳቀ። «ጋሼ፣ እኔ ጥቅምትን ሙሉ የበላሁት እዚህ መርሳ ነው። እኅቴ የወለደችው ውርጌሳ፣ በሰው ቤት። እዚህ ካለነው ውስጥ የሌላውን እንጀራ ያልበላ ማነው? ያልበላ ዳኛ ከፈለግን ከባሕር ማዶ ማስመጣት ነው። ይንፉት ይልቅ፣ ፀሐዩ ጠነከረ!»

ወንዳወቅ የኮቱን ገበር በመቀስ ጫፍ ተረተረና ፊሽካውን አወጣ። ሲነፋው ከሕዝቡ መሐል እልል ያሉ ሴቶች ነበሩ።

በሰላሳኛው ደቂቃ ግድም ነው ነገሩ የሆነው። ከቀኝ በኩል ኳስ ተሻገረ። ጀብሪል ዘሎ በጭንቅላቱ መታው፤ ግብ ሆነ። እሱ አጠገብ የነበረ የሲሪንቃ ተከላካይ መሬት ላይ ወድቋል። የወንዳወቅ ፊሽካ ከዓይኑ ቀድሞ ጮኸ። እጁም ተነሣ፦ ጥፋት፣ ገፍቶታል፣ ግቡ አይቆጠርም።

እጁ እንደተነሣ ልቡ ነገረው። ተከላካዩ ተንሸራትቶ ነው የወደቀው። ማንም አልነካውም። ወንዳወቅ ያየው ጥፋት ሳይሆን የፈራውን ነው፤ ጀብሪል ቢያገባ «የቂጣው ግብ» የሚሉትን ነው የሰማው። የውርጌሳ ልጆች አልተከራከሩም። ጀብሪል ብቻ ቆሞ አየው። ቀይ ካርድ የሰጠው ቀን ያን ያህል የሰደበው ልጅ፣ ዛሬ ኳሱን አንሥቶ ለሲሪንቃ ልጆች ሰጠ፤ ያ ከስድቡ ይልቅ አመመው። ጨዋታው ቀጠለ። ከዕረፍት በኋላ ሲሪንቃ አንድ አገባ፤ አንድ ለባዶ አለቀ።

መጨረሻውን ሲነፋ ሁለቱንም ቡድን ጠራቸው። ደምሴም መጣ።

«የጀብሪል ግብ ትክክል ነበር» አለ ወንዳወቅ። «አልገፋም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ለእነሱ አደላ እንዳልባል ብዬ በእነሱ ላይ አደላሁ።»

ፍፁም ጫማውን እያወለቀ ነበር። «አውቀን ነበር እኮ፣ ጋሼ። ልጁ ራሱ ሲነሣ ‹ተንሸራትቼ ነው› ብሎናል» አለ። ቀና ብሎ የራሱን ልጆች አየና «ይደገም! እኛም አንዴ ተጫውተን አልጠገብንም» አለ።

«ማን ይዳኘዋል?» አለ ደምሴ ጭንቅላቱን ይዞ። «ዳኛ ከየት ይመጣል?»

«ከሩቅ» አለ ወንዳወቅ።

«መንገዱን ማን ይከፍላል?»

«እሱን ለእኔ ተወው።»

ሕዝቡ ሲበተን ሁሪያ ጥላቸውን አጥፈው ቀረቡት። ልጃቸው ሲጫወት ሊያዩ ሜዳ ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው።

«ወንዳወቅ» አሉት፤ «ያንን ቂጣ የሰጠሁህ ልጄን እንድትጠቅምልኝ አልነበረም።»

«አውቃለሁ፣ እማ ሁሪያ።»

«እንድትጎዳልኝም አልነበረም!»

አንገቱን ደፋ። እሳቸው ግን እየሳቁ ነበር። «ይልቅ ታንጉት እንዴት ናት? እግሯ ዳነ?»

ማታ ወደ ወልድያ ደወለ።

«መለሰ፣ ለእሑድ ትፈለጋለህ። መርሳ።»

«መንገዱስ?»

«መንገዱ አለ፤ የሌለው አበሉ ነው።»

«ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው እኮ፣ ወንዳወቅ። የመኪናው ዋጋ ደግሞ ሦስት እጥፍ ገብቷል።»

«አውቃለሁ። እኔም ወደ ላይ እመጣለሁ። የእናንተም ቀበሌዎች እሑድ ይጫወታሉ፣ ዳኛ የላቸውም አሉኝ። አንተ የኔን፣ እኔ ያንተን።»

«ቤታችን ብንቀመጥ ስንት ናፍጣ እናተርፍ ነበር» አለ መለሰ። ያ የረዳቱ ቀልድ ለካ ለእሱም ደርሶት ኖሯል! ሁለቱም ሳቁ። ሳቃቸው ሲያበቃ መለሰ «ቅዳሜ በጠዋት በእግሬ እነሣለሁ» አለ።

ቅዳሜ ማለዳ ወንዳወቅ ከመርሳ ሲወጣ፣ ለገበያ ከመጣው ሰው መሐል ሁሪያ አገኙት። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እጁ ላይ አኖሩ፤ የማሽላ ቂጣ ነው፣ ገና ይሞቃል።

«አሁን የእኛ ዳኛ አይደለህም» አሉት። «ሳትፈራ ብላ።»

መንገዱን በእግሩ ያዘው። በመስኮት ሲያልፋቸው የኖሩትን ሁሉ አንድ በአንድ አገኛቸው፤ ማንጎውን፣ ድልድዩን፣ የተቃጠለውን ታንክ የሚዞሩትን ፍየሎች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሲሪንቃ ደረሰ። ከገበያው አለፍ ብሎ ዋርካ ጥላ ሥር አንድ ረጅም ሰው ጫማውን አውልቆ ተቀምጧል። ፀጉሩ ሸብቷል። ወንዳወቅ በፊቱ አላወቀውም፤ ሰውየው እጁን ሲያነሣ ነው ያወቀው።

ሃያ ዓመት በመስኮት ያየውን እጅ ጨበጠው። ተቃቀፉ፤ ትከሻ ለትከሻ ተጋጭተው ተጋጭተው አልጠግብ አሉ። መለሰ ከተማሪዎቹ ስንቱን እንዳጣ ነገረው። ወንዳወቅ ስለ ስፌት መኪናው ሊነግረው ጀመረና ተወው። እንዲያው ተቀምጠው መንገዱን አዩ። አንድ ቅጥቅጥ ወደ ወልድያ አለፈ፣ አንዱ ወደ መርሳ።

«ርቦኛል» አለ መለሰ።

ወንዳወቅ ጥቅሉን ፈታ። ቂጣውን ለሁለት ቆርሶ ዘረጋለት። መለሰ እጁን ሰደደና መሐል ላይ አቆመው።

«የማን ቂጣ ነው?»

«የሁሪያ።»

«ሁሪያ የት ናቸው?»

«የውርጌሳ…» አለ ወንዳወቅና አፉን በእጁ ያዘ።

መለሰ እጁን መልሶ ደረቱ ላይ አደረገ። «ፊሽካው ካለቀ በኋላ» አለ።

እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። መለሰ ከኪሱ ቆሎ አወጣ፤ ወንዳወቅ ቂጣውን በላ። ግማሹን ግን መልሶ በጨርቁ ጠቀለለው።

ሰኞ ሲመለሱ እዚያው ዋርካ ሥር ተገናኙ። መለሰ ያደረው ወንዳወቅ ቤት ነበር፤ ታንጉት እራት አብልታዋለች፣ መርሳ አልተጫወተችምና። ወንዳወቅ ድምፁ ዘግቷል፤ ወልድያ ጩኸቷን አልተወችም። መጀመሪያ የጠየቀው ውጤቱን ነው።

«ሲሪንቃ ሁለት ለአንድ» አለ መለሰ።

«ጀብሪልስ?»

«አንዷ የእሱ ናት። በጭንቅላት።»

ወንዳወቅ ቆቡን አውልቆ ቀስ ብሎ አማተበ። ከዚያ ጥቅሉን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ዘረጋለት። ቂጣው ሁለት ቀን አድሮ እንጨት ሆኗል። መለሰ ከሃይላንዱ ውሃ አፈሰሰበትና እያራሰ፣ ቀስ እያለ፣ ጨርሶ በላው።